እስከ ወፍ ድረስ

ልጄ ሩፋይዳ ከ«ወ» አላልፍም ብላ ካስቸገረችኝ ሦስት ሳምንት ሆነ። አምስት ዓመቷ ነው። ግትርነቱን ከማን እንዳመጣችው አልጠይቅም፤ መልሱ ደስ አይለኝም። ከሥራ ስገባ ስልኬን ትነጥቀኝና ፊደል የሚያስተምረውን ያንን አሮጌ ጨዋታ ትከፍታለች። «ሀ» ብቅ ይላል፤ አንዲት ሴት «ሀ! ሀብሐብ!» ትላለች፤ ልጄ ሀብሐቡን በጣቷ ስትነካው ሴትዮዋ «የኔ ጎበዝ!» ትላታለች። ሌላ ሥዕል ከነካች ደግሞ «አብሽሪ፣ እንደገና ሞክሪ» ትላታለች። እንዲህ እያሉ ሁለቱ ተያይዘው እስከ «ወ»፣ እስከ ወፍ ድረስ ይሄዳሉ። ወፏ ክንፏን አራግባ ትበርና «ዐ» ይመጣል። «ዐ» ላይ የምትናገረው ግን ሌላ ሴት ናት። ሩፋይዳ ስልኩን አልጋው ላይ ትወረውረውና «ይቺን አልፈልግም! የፊተኛዋን አምጪልኝ!» ብላ ታለቅሳለች።

የፊተኛዋን ከየት ላምጣላት?

ጨዋታው እኛ ልጆች ሳለን በኮምፒውተር ነበር። አሁን አንዱ ወደ ስልክ አዛውሮት ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። በኛ ሰፈር ያደገ የኔ እኩያ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሴትዮዋ ለምን እዚያ ላይ እንደተቀየረች ሲከራከሩም ሰምቻለሁ። አንዱ ሞታ ነው ይላል፣ ሌላዋ አረብ አገር ሄዳ ነው ትላለች። እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሣ ሻይ ልቅዳ ብዬ እነሣለሁ። አልሞተችም፣ አረብ አገርም አልሄደችም። እናቴ ናት፤ ሐቢባ ትባላለች። ያስቆምኳትም እኔ ነኝ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ቀዳማይ ወያነ በሚባል ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ፣ ኣደይ ለተንሳኤ የሚባሉ ሴትዮ ግቢ ውስጥ ተከራይተን ነው። አባቴ ጀላሉ ገበያው ውስጥ ፍራሽና ብርድ ልብስ ይሸጥ ነበር። እሱና እናቴ እኔ ሳልወለድ ነው ከወሎ፣ ከሐይቅ የመጡት። ቤታችን ውስጥ አማርኛ ነው፤ ከበር ስወጣ ትግርኛ ነው፤ ትምህርት ቤትም ትግርኛ ነው። ሁለቱንም እንደ ልቤ እለፈልፋለሁ። በሁለቱም ግን አንዲት ቃል ማንበብ አልችልም ነበር።

ሁለተኛ ክፍል እስክደርስ ይህን ማንም አላወቀብኝም። እኔ ምን ሞኝ ነኝ! አጠገቤ የምትቀመጠው ወይኒ ስታነብ በቃሌ እይዝና ተራዬ ሲደርስ ዓይኔን መጽሐፉ ላይ ተክዬ ያንኑ አወርደዋለሁ። ጣቴን ሳይቀር ከመስመር መስመር አንቀሳቅሳለሁ። አንድ ቀን መምህራችን ሳይጠረጥሩኝ አልቀሩም፣ መጽሐፉን ገልብጠው ሰጡኝ። እኔም እንደተገለበጠ ይዤው፣ ጣቴን እየነዳሁ፣ አንዲት ቃል ሳልስት ጥርት አድርጌ «አነበብኩት»። ክፍሉ በሳቅ አበደ። የምን ሳቅ እንደሆነ እንኳ የገባኝ ወይኒ በጆሮዬ ስትነግረኝ ነው።

በማግስቱ እናቴ ተጠራች። መምህሩ ምን እንዳሏት አልሰማሁም፤ ስትወጣ ግን የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ነበር። እስከ ቤት ድረስ ከፊት ከፊቴ ሄደች። ተቆጥታለች፣ ጠልታኛለች ብዬ ደመደምኩ። ዛሬ እኔም ልጅ ወልጄ ሳየው ቁጣ አልነበረም። ልጇ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ስትደበቅ አለማወቋ አሳፍሯት ነው።

እናቴ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምራለች። ከዚያ በላይ ደግሞ ወሬ አዋቂ ናት። ከሰዓት በኋላ የግቢውን ልጆች ሁሉ ደጃፋችን ላይ ሰብስባ ተረት ታወራለች፤ ጅቡን ስታወራ ጅብ ናት፣ ጥንቸሏን ስታወራ ጥንቸል ናት። ትግርኛ ብቻ የሚሰሙት እንኳ አፋቸውን ከፍተው ያዳምጧታል።

ከውኃ ቧንቧው አጠገብ ያለችውን ክፍል ሕዝቅኤል የሚባል ወጣት ተከራይቷት ነበር። እንዳ ኢየሱስ ካለው ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ተምሮ ጨርሶ፣ ገበያው አካባቢ ባለ አንድ የልጆች ማንበቢያ ቤት ውስጥ አምስት አሮጌ ኮምፒውተሮች እየጠገነ ይሠራል። ዝምተኛ ነው። እናቴ ተረት ስታወራ ግን በሩን ተደግፎ ቆሞ ይሰማታል።

ትምህርት ቤት በተጠራች በሳምንቱ እናቴ ጀሪካን እየሞላች፣ እሱ አጠገቧ ቆሞ፣ በዝግታ ሲያወሩ ሰማኋቸው። እኔ ከተሰጣው ልብስ ጀርባ ነበርኩ።

«ለሒክማ ግን ምንም እንዳትነግራት» አለችው።

«እሺ፣ በመሀላችን ይቅር። ጀላሉስ?»

እናቴ የመለሰችለትን አልሰማሁም፤ ጀሪካኑ ሞልቶ ይፈስ ጀመር፤ ሁለቱም እየሳቁ ተሯሯጡ።

ከሁለት ቀን በኋላ አባቴ ሱቅ በር ላይ የሚሰቀለው ነብር ያለበት ትልቁ ብርድ ልብስ በሕዝቅኤል መስኮት ላይ ከውስጥ ተቸንክሮ አየሁት። ነብሩ በመስታወቱ ወደ ግቢው ያፈጣል። በሩም ላይ ሌላ ተሰቅሏል። ኣደይ ለተንሳኤ «ዋይ! በዚህ ሙቀት ብርድ ልብስ?» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። የአባቴን ዕቃ ለሰው እየሰጠች ነው ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ወዲያ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን፣ እናቴ ፊቷን ትታጠብና «እዚሁ ሁኚ፣ መጣሁ» ብላኝ ትሄዳለች። ለምን ስምንት ሰዓት እንደሆነ አሁን አውቃለሁ። ከግቢው ጀርባ ያለው ብየዳ ቤት ለምሳ የሚዘጋው፣ ባጃጁ ቀለል የሚለው፣ አዛንም የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያም የማይሰማው በዚያች ሰዓት ብቻ ነበር። ያኔ የማውቀው ግን አባቴ ሱቅ የሚሆንበት ሰዓት መሆኑን ነው።

አራተኛ ወይም አምስተኛ ቀኗ ላይ ተከትዬ ሄጄ ጆሮዬን ቆርቆሮው በር ላይ ለጠፍኩ። ብርድ ልብሱ ድምፁን አፍኖታል። ቢሆንም የሷን ድምፅ የትም አውቀዋለሁ።

«የኔ ጎበዝ! ማሻአላህ! አየህ፣ ቻልክ!»

ዝምታ።

«አብሽር፣ እንደገና ሞክር።»

ደግሞ ዝምታ። ከዚያ የሕዝቅኤል ድምፅ፦ «ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ጊዜ ድገሚው። ቀስ ብለሽ። ሐ እንደ ትግርኛው ከጉሮሮሽ ይውጣ።»

«አልመጣ አለኝ እኮ!» አለችና እናቴ ሳቀች። ሳቋ ከሆዷ ነው፤ እሱም ሳቀ፤ ማቆም አቃታቸው።

ከጉሮሮ የሚወጣው ነገር አልገባኝም፣ አላሳሰበኝምም። እኔን ያቃጠለኝ «የኔ ጎበዝ» ነው። መጽሐፉን ገልብጬ ካነበብኩ ወዲህ አንድ ቀን «የኔ ጎበዝ» ብላኝ አታውቅም። ቃሉ የኔ ነበር። ወስዳ ለዚያ ለሕዝቅኤል ሰጠችው። ቀናሁ፣ እውነቱን ልናገር።

በሩ ከታች በኩል ዝጎ፣ ጉልበት የምታህል ከፍታ ላይ ቀዳዳ ነበረው። ብርድ ልብሱ እስከዚያ አይደርስም። ተንበረከክኩና ዓይኔን ሰካሁ።

እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሻሿ ጭኗ ላይ ነው፤ ጸጉሯ ይታያል። ሕዝቅኤል መሬት ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጧል። በእናቴ ጆሮዎች ላይ ሁለት ጥቁር ነገር ተደፍቷል፤ ከሱ የወጣ ገመድ ወደ ሕዝቅኤል ኮምፒውተር ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ነገር ሙዚቃ ቤት ውስጥ ልጆች ጆሯቸው ላይ አድርገው አይቼ አውቃለሁ። እናቴ ቀና አለች፣ እጇን ከፍ አደረገች፣ መልሳ አወረደችው። ለሱ መሰለኝ። ሮጬ ወደ ቤት ገባሁ።

ያን ዕለት ፍራሽ ሥር የደበቀችውን ሰማያዊ ደብተር አገኘሁ። በእናቴ እጅ ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ተሞልቷል። ኣደይ ለተንሳኤ ስለ አንዲት ተከራያቸው «ደብዳቤ ስትጻጻፍ ተይዛ ተባረረች» ሲሉ ሰምቼ ነበር። ስለዚህ ደብዳቤ ነው አልኩ። አገላብጬ፣ አፍጥጬ አየሁት፤ አንዲት ፊደል አልነገረኝም። መልሼ ቦታው አስገባሁት።

ዐረፋ ደረሰ። የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ኡሙሀኒ፣ ከሐይቅ መጡ። አባቴን እናቱ ከሞተች በኋላ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ቆመው እሱ አይቀመጥም። ልጃቸውን ዛሂድን አስከትለው ነበር፤ እኩያዬ ነው። ምሳ ላይ ከአባቴ ጎን የሚነግዱ ሁለት የወሎ ሰዎችም ተጠርተዋል። ኣደይ ለተንሳኤ የኛን ሥጋ ስለማይበሉ ዳቦና ለስላሳ ቀርቦላቸው ከጥግ ተቀምጠዋል።

አክስቴ ከቦርሳቸው ሁለት የአማርኛ ማንበቢያ አወጡ። አንዱ የዛሂድ ነው፣ ሌላው ለኔ ያመጡልኝ ስጦታ። ዛሂድ አንድ ገጽ እንደ ጥይት ለቀቀው። ሁሉም «ማሻአላህ!» አሉ።

«በይ ልጄ፣ ተራሽ ነው» አሉኝ።

ገለጥኩት። እዚህ ወይኒ የለችም። የምደግመው የለኝም። ቤቱ ሁሉ እኔን ያያል። ዛሂድ ጎንበስ ብሎ አየኝና «አትችልም እኮ» አለ። ክፋት አልነበረበትም።

አክስቴ ወደ እናቴ ዞሩ። «ሐቢባ፣ ቤት እየዋልሽ አንዲት ልጅሽን ፊደል ማስቆጠር አቃተሽ?»

«እየሞከርን ነው እትዬ» አለች እናቴ ቀስ ብላ። «ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ እንጂ…»

ሁሉም አሁን እሷን ያያሉ። ዓይናቸው ከኔ ላይ ሲነሣ እንዴት እንደቀለለኝ! እንዳይመለስብኝ ፈለግኩ።

«እሷ መቼ ጊዜ አላት!» አልኩ። «ስምንት ሰዓት በሆነ ቁጥር ሕዝቅኤል ጋ ነው የምትሄደው! በር ዘግተው! መስኮቱን በአባባ ብርድ ልብስ ሸፍነው!»

አንደኛው ነጋዴ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ አኖረ። ኣደይ ለተንሳኤ «ኣንቲ ጓለይ!»፣ አንቺ ልጄ፣ ብለው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ምን አየሽ ልጄ?» አሉ አክስቴ። በለሆሳስ ነው የጠየቁኝ። ዛሬ ሳስበው እየለመኑኝ ነበር፤ ምንም አላየሁም እንድል በሩን ከፍተውልኝ ነበር።

«ሻሿን አውልቃ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ስትስቅ።»

ወላሂ አንድ ቃል አልዋሸሁም። ሻሿን አውልቃ ነበር። አልጋው ላይ ነበረች፤ ክፍሉ ውስጥ ሌላ መቀመጫ አልነበረም። ስቃለች። ጆሮዋ ላይ ያለውን ጥቁር ነገር ግን አልተናገርኩም። ገመዱን አልተናገርኩም። ብናገር ነገሩ እንደሚቀል ገብቶኝ ነበር፤ እንዲቀል ደግሞ አልፈለግኩም። የስምንት ዓመት ልጅ ይህን አታስብም ትሉኝ ይሆናል። ታስባለች። እኔ አስቤዋለሁ።

እናቴ ወደ አባቴ ዞረች። «ጀላሉ፣ ንገራቸው እንጂ።»

ፍረድብኝ እያለችው መስሎኝ ነበር። አባቴ ዓይኑን ከሳህኑ አላነሣም።

«ከዛሬ ጀምሮ አትሄድም» አለ።

እናቴ አየችው። «እሺ» አለችና የሰውን እጅ ለማስታጠብ ውኃ ልታመጣ ወጣች።

ብርድ ልብሶቹን በማግስቱ አባቴ ራሱ ነቅሎ ወደ ሱቅ ወሰዳቸው። ሕዝቅኤል ምስማሩን እየነቀለ ያቀብለው ነበር። ወሩ ሳያልቅ አልጋውንና ኮምፒውተሩን ጋሪ ላይ ጭኖ ግቢውን ለቀቀ። በኔ በኩል ሲያልፍ ራሴን ዳበስ አደረገኝና «በርቺ ሒክማ» አለኝ። አባረርኩት ብዬ ደስ አለኝ፤ ደስ ማለቱ ግን እስከ ማታ እንኳ አልቆየም። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደጃፍ ላይ ተረት አላወራችም። ልጆቹ መጥተው ተሰብስበው ይጠብቁና ይበተናሉ። ቧንቧው ጋ ሴቶቹ ስትመጣ ወሬ ያቆማሉ፤ ስትሄድ ይቀጥላሉ። ስለኔ የሚነሣ ከሆነ የምትለው አንድ ነገር ነበር፦ «ልጅ ናት፤ የምታየውን አታውቅም።» ለአክስቴም ያንኑ አለች፣ ለኣደይ ለተንሳኤም ያንኑ አለች።

ከአራት ወር በኋላ ትምህርት ቤታችን ወደ ልጆች ማንበቢያ ቤቱ ወሰደን። አምስቱ ኮምፒውተሮች ግድግዳውን ተከትለው ተደርድረዋል። ሕዝቅኤል አልነበረም። አንዲት ሴት ወንበር ላይ አስቀመጠችኝና ጆሮዎቼ ላይ ያንን ጥቁር ነገር ደፋችብኝ።

«ሀ! ሀብሐብ!» አለች እናቴ።

ከውጭ አይደለም፤ ራሴ ውስጥ ነው የተናገረችው። ዘልዬ ዞርኩ። ማንም የለም። ሀብሐብ፣ ላም… ከዚያ ሦስተኛው ላይ ሁለት ጉንጉን ያላት ልጅ ሥዕል መጣ።

«ሐ! ሒክማ!»

ሐው ከጉሮሮዋ ጥርት ብሎ ወጥቷል። ስንት ጊዜ እየሳቀች እንደደጋገመችው እኔ ነኝ የማውቀው። ደንግጬ ሌላ ሥዕል ነካሁ። «አብሽሪ፣ እንደገና ሞክሪ» አለችኝ። ጨዋታው ሲከፈት ወንድ ወይም ሴት መሆንን ይጠይቃል፤ እኔ በሩ ላይ የደረስኩት የወንዶቹን ሲቀርጹ ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ ሕዝቅኤልን «የኔ ጎበዝ» ያለው ሰው አልነበረም።

አጠገቤ ያለችው ወይኒ ማዳመጫዋን አንሥታ «ሒክማ፣ ስምሽን ጠራችሽ እኮ! ታውቂያታለሽ?» አለችኝ።

«አላውቃትም» አልኩ።

ይሄም አለ እንግዲህ። እናቴን በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ነው የሸጥኳት።

ማንበብ የተማርኩት በዚያ ጨዋታ ነው። እስከ «ወ» እናቴ አስተማረችኝ፤ ከ«ዐ» በኋላ ያለውን የሕዝቅኤል እህት ሳሊና አስተማረችኝ። ደኅና ሴት ናት ይላሉ፣ ድምጿም ደኅና ነው። ማንበብ ስችል መጀመሪያ ያነበብኩት ፍራሽ ሥር ያለውን ደብተር ነው። «ሀ ሀብሐብ። ለ ላም። ሐ ሒክማ።» እስከ «ፐ» ድረስ ቃል ቃሉን መርጣ፣ አንዳንዱን ሰርዛ፣ ጽፋዋለች። ከተቀረጸው ቃል ሁሉ አጠገብ ትንሽ ምልክት አለ። ምልክቱ ወፍ ላይ ያበቃል። ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ «ለሒክማ አንድ ኮፒ፣ ቤት የሚሆን» ይላል። ለዚያ ነበር እንዳትነግራት ያለችው። ለኔ ነበር፤ ድንገት ልትሰጠኝ።

አባቴ ዝም ብሎ ቆይቶ ቆይቶ ነገረኝ። በጦርነቱ ጊዜ ነው፤ ሱቁ ተዘግቶ፣ የሚሸጥም የሚገዛም ጠፍቶ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለን በምንውልበት ጊዜ። «ብርድ ልብሱን የሰቀልኩት እኔ ነኝ» አለኝ ሳልጠይቀው። «ወፍራሙን መርጬ፣ በራሴ መዶሻ። ሁሉንም ነግራኝ ነበር። እህቴ ፊት ግን ሚስቱን ለሰው ክፍል ይልካል እንዳይሉኝ ፈራሁ።» ከዚያ አለቀሰ። እኔም የማዳመጫውን ነገር ልነግረው አፌ ድረስ መጥቶ ዋጥኩት። እሱ ነግሮኝ እኔ አልነገርኩትም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሞተ፤ አላህ ይዘንለት።

ባለፈው ዓርብ እናቴ እኛ ቤት መጣች። ሩፋይዳ ምንጣፉ ላይ ተደፍታ ትጫወታለች፤ እኔ የታጠበ ልብስ አጣጥፋለሁ፣ እናቴ ታግዘኛለች። የእናቴ ድምፅ አሁን ወፍሯል፣ ትንሽም ይሰነጠቃል፤ ሩፋይዳ የስልኩ ሴትዮ መሆኗን አታውቅም። ወፏ በረረች። የሳሊና ድምፅ መጣ።

«አያዬ» አለች ልጄ እየተነጫነጨች፣ «ለምንድነው ሌላ ሴትዮ የምትመጣው?»

እናቴ የያዘችውን ሸሚዝ እጅጌ አስተካከለች። «ደክሟት ነው የኔ እናት።»

እንዲህ ብላ ልታልፈው! አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ተሸክማኝ፣ አሁንም ልጄ ፊት ልትሸከመኝ። ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

«እማዬ» አልኩ። «ያኔ… በበሩ ቀዳዳ ሳይሽ ጆሮሽ ላይ ማዳመጫ ነበር። አይቼዋለሁ። አይቼ ነው የደበቅኩት። ሳታውቅ ነው የተናገረችው ብለሽ እንዳትሞቺ።»

እናቴ ማጣጠፏን አላቆመችም።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«በዚያ ቀዳዳ የምትገባ ብርሃን ነበረች፣ ጉልበቴ ላይ የምታርፍ። ድንገት ስትጠፋ አንቺ መሆንሽን አወቅኩ። ሌላ ማን እዚያ ድረስ ይንበረከካል? ቀረጻ ላይ ስለነበርን መጥራት አልቻልኩም። እጄን አነሣሁልሽ። አላየሽውም?»

«አይቼዋለሁ» አልኩ።

«እንግዲህ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት! ከዐረፋው ቀን ጀምሮ ታውቅ ነበር። አፌን ከፍቼ ስናገር፣ ያጎደልኩት ምን እንደሆነ እያንዳንዷን እያወቀች ነበር ውኃ ልታመጣ የወጣችው።

«ታዲያ ለምን?» አልኳት። «ለሰው ሁሉ ‹ልጅ ናት፣ የምታየውን አታውቅም› ትያቸው የነበረው ለምንድነው?»

«ምን ልበላቸው ሒክማ? ልጄ እያወቀች ነው ልበላቸው?»

ሸሚዙን ክምሩ ላይ አኖረችና ጉልበቷን ይዛ ምንጣፉ ላይ ወረደች። «አምጪ እስቲ» አለቻት ሩፋይዳን። «ድምፁን ዝጊው። ሥዕሉ ይብቃን።» ሩፋይዳ ዘጋችው። ስልኩ ላይ «ዐ» ብቻውን ቆሟል።

«ዐ» አለች እናቴ። ጉሮሮዋን ጠረገችና ደገመችው። «ዐ! ዐይን!»

ሩፋይዳ ከስልኩ ቀና አለች። አያቷን ትኩር ብላ አየቻት፤ አፏን፣ ፊቷን፣ ደግሞ አፏን። «የፊተኛዋ!» ብላ ጮኸች። «አንቺ ነሽ እንዴ?»

«እኔ ነኝ። በይ እኔን ተከትለሽ በይ።»

ልጄ ተሳስታ ሌላ ሥዕል ነካች። «አብሽሪ፣ እንደገና ሞክሪ» አለቻት። ሞከረች፣ ዐይኑን ነካች፣ «ዐይን!» አለች።

«የኔ ጎበዝ!» አለች እናቴ። እኔ ልብሱን እንደታቀፍኩ እዚያው ቆሜያለሁ። ሩፋይዳን እያየች ነው ያለችው፤ ወደ እኔ አልዞረችም።